የቱ ላይ ወደቅህ?



በቋንቋችን «ወደቀ» የሚለው ቃል ለሁለት ነገር ያገለግላል። ከፈረስ ወይም ከሞተር ብስክሌት ላይ ተሽቀንጥሮ መሬት የመታው ሰው ወደቀ ይባላል፤ ፈተና ተፈትኖ ያላለፈውም ሰው ወደቀ ይባላል። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው በቤታችን ምን ዓይነት ድንጋጤ እንዳመጣ፣ ከድንጋጤውም በኋላ ምን እንደ ተማርንበት በዚህ ወር ላጫውታችሁ አስቤአለሁ።

እኔና ባለቤቴ የምንኖረው በለንደን ከተማ ነው። የእኅቴ ልጅም ከሚስቱና ከሁለት ዓመት ሴት ልጁ ጋር ከእኛ ብዙ ሳይርቅ ይኖራል። እንጀራው ከምግብ ቤቶች የታዘዘውን ምግብ በትንሽ ሞተር ብስክሌት እየጫነ ወደ ሰዎች ቤት ማድረስ ነው። ዝናብ ቢዘንብ፣ ብርድ ቢበረታ ሥራው አይቋረጥም፤ እንዲያውም ሰው ከቤቱ መውጣት በሚጠላበት ቀን የእርሱ ገበያ ይደራል።

በ2016 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፣ ይኸውም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2023 መጸው፣ አንድ ሐሙስ ማታ ባለቤቴ ቡና አፍልታ ልትቀዳ ስትል በሩ ተንኳኳ። የእኅቴ ልጅ ገባ። የራስ ቁሩን አውልቆ በጉልበቱ ላይ ካኖረ በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና፣ «ጋሼ፣ ወደቅሁ» አለኝ።

ባለቤቴ ጮኸች። ጀበናውን እንደ ምንም አስቀምጣ ጉልበቱን፣ ክንዱንና ራሱን ትዳስሰው ጀመር። «ምንህን ተመታህ? ሐኪም አየህ? ምነው እስካሁን ዝም አልህ?» እያለች ጥያቄውን ስታከታትልበት ልጁ እጇን ይዞ፣ «ኧረ ደኅና ነኝ፣ እትዬ፤ ከሞተሩ ላይ አይደለም፤ ከፈተናው ነው የወደቅሁት» አላት። እርስዋም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን!» ብላ ተቀመጠች።

እኔ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ፤ ተመስገን አላልሁም። «እንዴት? ሁለት ዓመት ሙሉ ቀንና ሌሊት በዚህ ከተማ መንገድ ላይ ስትነዳ የኖርህ ሰው፣ ለዚህ እንዴት ትወድቃለህ?» አልሁት። ልጁም መልስ አልሰጠኝም፤ አንገቱን ደፍቶ የራስ ቁሩን በእጁ ያሽከረክር ጀመር።

ባለቤቴ እኔን በዓይኗ ገሥጻ ወደ እርሱ ዞረችና በዝግታ ድምፅ፣ «ልጄ፣ የቱ ላይ ነው የወደቅህ?» ብላ ጠየቀችው።

የእኔ ጥያቄና የእርስዋ ጥያቄ በጥቂት ቃላት ብቻ ይለያያሉ። የእኔ ጥያቄ ግን ልጁን ዝም አሰኘው፤ የእርስዋ ጥያቄ አፉን ከፈተለት። ከኪሱ የፈተናውን ውጤት ዝርዝር አወጣና በገበታው ላይ ዘረጋው።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆንላችሁ የዚያን አገር ሥርዓት በአጭሩ ልግለጽ። በእንግሊዝ አገር ሞተር ብስክሌት ለመንዳት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የግዴታ መሠረታዊ ሥልጠና ይወስዳል። ይህ ግዴታ የተጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 መጨረሻ ነው። ሥልጠናውን የፈጸመና 17 ዓመት የሞላው ሰው እስከ 125 ሲ.ሲ. የሆነ ሞተር ለመንዳት የሚያበቃው ወረቀት ይቀበላል፤ ወረቀቱ ግን የሚያገለግለው ለሁለት ዓመት ብቻ ነው። በዚህም ጊዜ ነጂው ተማሪ መሆኑ እንዲታወቅ ቀይ የ«ኤል» ፊደል ያለበት ነጭ ሰሌዳ ከፊትና ከኋላ ይለጥፋል፤ ከኋላው ሰው ማፈናጠጥም ሆነ በፈጣኑ አውራ ጎዳና መግባት አይፈቀድለትም። ሙሉ መንጃ ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ የጽሑፍ ፈተናውን ካለፈ በኋላ ሁለት ክፍል ያለው የነጂነት ፈተና ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ክፍል በተከለለ ሜዳ ላይ፣ ሁለተኛው በሕዝብ መንገድ ላይ የሚፈጸም ነው።

የእኅቴ ልጅ የወደቀው በሜዳው ላይ ነበር። በዚያ ነጂው ሞተሩን በእጁ እየገፋ ያቆማል፤ በኮኖች መካከል እየተጠማዘዘ ያልፋል፤ የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሠራ ይዞራል፤ በሰው እርምጃ ልክ በዝግታ ይነዳል፤ በጠባብ ስፍራ ዞሮ ይመለሳል፤ በፍጥነት ሲመጣ በድንገት ይቆማል፤ በመጨረሻም በፍጥነት እየሄደ ከፊቱ ድንገተኛ መሰናክል የገጠመው ይመስል ወደ ጎን ሸሽቶ ያልፋል። በድንገት ሲቆምና መሰናክሉን ሲሸሽ ፍጥነቱ በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ይህንንም የሚለካ መሣሪያ አለ። ይህ የሜዳ ፈተና በ2009 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተለየ ክፍል ሆኖ የወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። የአውሮፓ ደንብ 50 ኪሎ ሜትር ሲጠይቅ፣ በእንግሊዝ ከተሞች በብዙው መንገድ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት 30 ማይል፣ ይኸውም 48 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበርና ሕግ ሳይጣስ በመንገድ ላይ መፈተን አልተቻለም።

የውጤቱን ዝርዝር ሦስታችን አጎንብሰን አነበብነው። ለማለፍ ከአምስት የማይበልጡ ቀላል ስሕተቶች ይፈቀዳሉ፤ የእርሱ ሁለት ብቻ ነበሩ። የ8ቱን ቁጥር በደንብ ዞሮአል፤ በድንገት መቆሙንም በሚገባ ፈጽሞአል። የጣለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መሰናክሉን በሚሸሽበት ጊዜ ፍጥነቱ 45 ኪሎ ሜትር ሆነ፤ ደግሞ እንዲሞክር ሲፈቀድለትም 50 አልሞላም።

ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ታዲያ ይህ ሰው መንዳት አያውቅም የሚል የት ላይ ተጽፎአል?» አለችኝ። በእርግጥም አልተጻፈም። የተጻፈው፣ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ሥራ ላይ አምስት ኪሎ ሜትር መጉደሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ የልጁ አንደበት ተፈታ። ለካ ፈተናው የነበረው ሰኞ ኖሮአል። ሰኞ ማታ ወደ ቤቱ ሲገባ ለሚስቱ «ፈተናው ወደ ሌላ ቀን ተላለፈ» ብሎአታል። ማክሰኞና ረቡዕም ይህንኑ ውሸት ተሸክሞ ሲሠራ ሰነበተ። ሚስቱ ደግሞ የዚያን መንጃ ፈቃድ መድረስ በጉጉት ትጠባበቅ ነበር፤ እሑድ ጧት ሕፃኗን እኛ ዘንድ ትታ፣ በሁለት አውቶቡስ መንገላታቷ ቀርቶ ከባሏ ኋላ ተፈናጥጣ ወደ ቅዳሴ ለመሄድ አስባለችና። ነጠላዋ ከጎማው እንዳይጠመጠም የምታኖርበትን ቦርሳ እንኳ አስቀድማ ገዝታ ነበር። «ያንን ቦርሳ በር ላይ ተሰቅሎ ሳየው መናገር አቃተኝ» አለን።

«ለእኛስ ምነው ሦስት ቀን ሙሉ ዝም አልህ?» ብዬ ስጠይቀው ወደ ባለቤቴ እየተመለከተ፣ «ጋሼ የጽሑፍ ፈተናውን ያለፍሁ ጊዜ ለዘመድ ሁሉ ደውሎ ነበር» አላት። ይህ አነጋገሩ ከልቤ ገባ። እኔ ላከብረው ብዬ ያወራሁት ወሬ ለእርሱ ዕዳ ሆኖበት ነበር። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይባላል፤ በዚያ ምሽት የመጀመሪያውን ምሳር ያነሣሁት እኔ መሆኔን ያን ጊዜ ዐወቅሁ።

አሁን ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ ቀረበ። ልጁ በልቡ ሁለት መንገድ ይዞ መጥቶአል። አንደኛው፣ ከወደቁ በኋላ ሦስት የሥራ ቀን ካለፈ እንደገና መፈተን ስለሚቻል፣ የተገኘውን የመጀመሪያ ቀን ይዞ ማንም ሳይሰማ ማለፍ ነው፤ ክፍያውም ያን ጊዜ 15 ፓውንድ ከ50 ፔንስ ብቻ ነበር። ሁለተኛው፣ ሞተሩን ሸጦ ነገሩን ጨርሶ መተው ነው። አንዱ መቸኮል፣ ሌላው መሸሽ ስለ ሆነ ሁለቱ መንገዶች የሚቃረኑ ይመስላሉ። ነገር ግን ቀረብ ብዬ ስመለከታቸው የአንድ እናት ልጆች ሆነው አገኘኋቸው፤ ሁለቱም የተወለዱት ኀፍረቱ ቶሎ ያልቅ ዘንድ ከመመኘት ነው። ለምን 45 ሆነ የሚለውን ግን አንዳቸውም አልመለሱም። ምክንያቱን ሳያውቅ በማግሥቱ የሚፈተን ሰው ያንኑ 45 ይዞ ይመለሳል፤ ምክንያቱን ሳያውቅ የሚተውም ሰው የማይችለው ነገር ይመስለውና በሌላም ሥራ ላይ ያ ጥርጣሬ ይከተለዋል።

ስለዚህ ወረቀትና እርሳስ አመጣሁና ስለ ፈተናው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ቀኑ ተነጋገርን። የመሠረታዊ ሥልጠናው ወረቀት ሁለት ዓመት ሊሞላው የቀረው አምስት ሳምንት ብቻ ነበር። ያ ወረቀት ጊዜው ካለፈ ልጁ በሞተር እየነዳ መሥራት አይችልም፤ ፈተናውንም መቀመጥ አይችልም። በአምስት ሳምንት ውስጥ ሁለቱን የፈተና ክፍሎች ያልፋል ብሎ የቤት ኪራይን በዚያ ላይ መጣል ደግሞ የቤተሰቡን እንጀራ በአንድ ቀን ዕድል ላይ ማንጠልጠል ነው። ይህን በወረቀት ላይ ባየው ጊዜ ልጁ ራሱ፣ «እንግዲያው መሠረታዊውን ሥልጠና እንደገና ልውሰድ» አለ። ለዚህ ከመቶ ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ያስፈልገዋል፤ የ«ኤል»ም ሰሌዳ ከሞተሩ ላይ አይነሣም። ይሁን እንጂ ሁለት ዓመት የሚበቃ ጊዜ ስለሚሰጠው ወደ ፈተናው ሲሄድ ዕዳ የሚያሳድደው ሰው ሆኖ አይሄድም። የጽሑፍ ፈተናው ማስረጃም ሁለት ዓመት የሚጸና ነበርና ገና ከግማሽ ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። እንጀራው ለብቻው፣ ፈተናው ለብቻው ሲቆም የልጁ ትከሻ ዝቅ ሲል አየሁት።

ከዚያ በኋላ ባለቤቴ፣ «አሁን ደግሞ ወደ ቤትህ ሂድ» አለችው፤ ምን ለማለት እንደ ፈለገች ሦስታችንም ገብቶናል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን፤ በትዳር ውስጥ የተደበቀ ነገር ደግሞ ከበሽታው ይልቅ መደበቁ ያማል። በማግሥቱ እንደ ነገረን ሚስቱ ሁሉን ሰምታ ካበቃች በኋላ፣ «ሰኞ ማታ ፊትህን አይቼ ዐውቄአለሁ፤ እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅሁህ» ብላዋለች። ቅር ያላት መውደቁ ሳይሆን ሦስቱ ቀኖች ነበሩ።

በሚቀጥለውም ሳምንት ሥልጠናውን አደሰና ከአንድ አሠልጣኝ ጋር ሁለት ሰዓት በሜዳ ላይ ለመለማመድ ተቀጠረ። የ45ቱ ምክንያት የተገኘው በዚህ ነው። በብዙ የለንደን ጎዳናዎች የተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይል፣ ይኸውም በሰዓት 32 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ጎዳናዎች ሲነዳ እጁ ያንን ልክ ለምዶአል፤ መሰናክል በታየው ቁጥርም ነዳጅ መቀነስ የዘወትር ጥበቡ ሆኖአል። ይህ ጥበብ በመንገድ ላይ ሕይወቱን የጠበቀለት ነው። በሜዳው ላይ ግን ኮኖቹ ገና ከሩቅ ሲታዩት ዓይኑ በእነርሱ ላይ ይተከላል፤ እጁም ሳይታዘዝ ነዳጁን ይቀንሳል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በአንድ ሰኮንድ 14 ሜትር ያህል መሄድ ስለ ሆነ፣ ለአንድ አፍታ ብቻ ነዳጁን የለቀቀ ሰው ከመለኪያው ሲደርስ ፍጥነቱ ጎድሎ ይገኛል።

አሠልጣኙ ሦስት ነገር አስተማረው። በመጀመሪያ፣ ከመታጠፊያው እንደ ወጣ ፍጥነቱን አስቀድሞ ሰብስቦ፣ የፊት ጎማው መለኪያውን እስኪያልፍ ድረስ ነዳጁን ሳይለቅ መያዝ። ሁለተኛ፣ ኮኑን ሳይሆን በኮኖቹ መካከል ያለውን ክፍት ስፍራ ማየት፤ ሞተር ዓይን ወዳተኮረበት ይሄዳልና። ሦስተኛ፣ ወደ ግራ መሸሽ ሲፈልግ የመሪውን የግራ እጀታ ወደ ፊት ገፋ ማድረግ፤ በዚህ ጊዜ ሞተሩ ወደ ግራ ይጋደላል፣ ወደ ግራም ይዞራል። ይህ ለሰሚው የተገላቢጦሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በፍጥነት የሚሄድ ባለ ሁለት ጎማ ሁሉ የሚዞረው እንዲህ ነው። እየተጋደሉ ሳለም ፍሬን አይነካም፤ ፍሬን የሚያዘው ሞተሩ ቀጥ ካለ በኋላ ነው። ልጁ ይህን ሲነግረኝ፣ «ጋሼ፣ እኔ የፈራሁትን ነገር ነበር የማየው፤ ማየት የነበረብኝ ግን የማልፍበትን ነበር» አለኝ። ይህን ያለው ስለ ሞተር ብቻ ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሳሰላስለው አደርሁ።

ለሁለተኛ ጊዜ በተፈተነ ዕለት መለኪያው 52 አሳየ፤ አለፈ። ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን በመንገድ ላይ የሚደረገው ሁለተኛው ክፍል ገና ቀርቶ ነበር። ያ ፈተና 40 ደቂቃ ያህል የሚፈጅ ሲሆን ክፍያውም ያን ጊዜ በሥራ ቀን 75 ፓውንድ ነበር። ቀኑ በደረሰ ጊዜ እኔና ባለቤቴ፣ ሚስቱም ከሕፃኗ ጋር በእኛ ቤት ተሰብስበን ሳለ የሚስቱ ስልክ ጮኸ። ድምፁ ለሁላችን እንዲሰማ አደረገችው።

«ወደቅሁ» አለ ልጁ።

በቤቱ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ጸጥታ ሆነ። ከዚያ ሚስቱ፣ «የቱ ላይ?» አለችው።

«ከመንገድ ዳር ተነሥቼ ስወጣ በትከሻዬ ላይ ዞሬ ወደ ኋላ አላየሁም፤ በመስተዋቱ ብቻ ነው ያየሁት። ከኋላዬ ብስክሌት እየመጣ ነበር።»

«ብስክሌተኛው ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፤ ቆሞ አሳለፈኝ።»

«እንግዲያው ና፤ ምሳ ቀርቦአል» አለችው።

ያን ጊዜ የደወለው ገና ከፈተናው ግቢ ሳይወጣ ነበር። የመጀመሪያው ውድቀት ለሚስቱ እስኪደርስ ሦስት ቀን ፈጅቶበታል፤ ሁለተኛው ግን አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም። ለሁለተኛው ክፍል ድጋሚ ፈተና ቢያንስ አሥር የሥራ ቀን መቆየት ግዴታ ነበርና፣ በእነዚያ ቀኖች ከእያንዳንዱ በር ሲነሣ አንገቱን ወደ ትከሻው ማዞርን ልማድ አደረገው። በሚቀጥለው ሙከራ አለፈ። የ«ኤል»ን ሰሌዳ ከሞተሩ ላይ የፈታችው ሚስቱ ናት፤ ያም ቦርሳ ለተገዛበት ሥራ ዋለ።

ይህን የጻፍሁት በለንደን ስለሚነዱ ወጣቶች ብቻ ብዬ አይደለም። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በአገራችን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፣ ከመቶ ተፈታኞች ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያገኙት አራት እንኳ አልሞሉም ነበር። በስንቱ ቤት «ወደቅሁ» የሚል ቃል ተሰምቶ ይሆን? ስንቱስ ልጅ ቃሉን በሆዱ ይዞ ከቤት ውጭ አመሸ? በዚያ ሰዓት አባት ወይም እናት የሚናገሩት የመጀመሪያ ቃል የልጁን አፍ ሊከፍተውም ሊዘጋውም ይችላል።

እኔ በስድሳ ዓመቴ የተማርሁት ይህ ነው። «እንዴት ትወድቃለህ?» የሚለው ጥያቄ ፍርድ ስለ ሆነ መልስ የለውም። «የቱ ላይ ወደቅህ?» የሚለው ግን መልስ አለው፤ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ከፈራነው ያነሰ ነው፤ ባያንስም እንኳ ሥራው ከየት እንደሚጀመር ያሳያል። የቱ ላይ እንደ ሆነ ከታወቀ በኋላ፣ እንጀራው በምን እንደሚጠበቅና ለመለማመድ ስንት ቀን እንደሚያስፈልግ ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል። መቸኮልም ሆነ መተው የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ይሁን። መተውም አንዳንድ ጊዜ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምክንያቱ ታውቆ እንጂ ኀፍረት ገፍቶ አይሁን።

በእኛ ቤት አሁን ማንም «ወደቅሁ» ቢል ባለቤቴ አስቀድማ ጉልበቱን ታያለች። ጉልበቱ ደኅና ከሆነ ቡናውን ትቀዳለች፤ ሁለተኛውን ጥያቄ መጠየቅ ደግሞ የእኔ ተራ ሆኖአል።